እትዬ መጋረጃ መኪና ስትገዛ

አሮጊቷ ቀጥ ብላ የቆመችው መስቀለኛው መንገድ መሃል፣ መብራቱ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ነው። አሮጊቷ የሚሏት መኪናዋን ነው። የቤቱ ትልቅ ሰው፣ የባልየው እናት፣ ከኋላ ወንበር ላይ ምርኩዛቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሁለት ጣቃ ጨርቅ ተጋድሟል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ የመጋረጃ ዘንጎች ወደ ውጭ ወጥተው ይወዛወዛሉ። ባልየው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመ፣ አንዴ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጭጭ አለ።

ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው።

«ቆይ፣ ትነሣለች» አለ ባልየው፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። «እልኸኛ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም።»

ሚስቱ በሩን ከፍታ ወረደች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ ዞረች፣ ትከሻዋን አስደግፋ መግፋት ጀመረች። መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፍታ ብቻ አትተውም፤ በየሰዉ ቤት መሰላል ላይ ወጥታ ራሷ ትሰቅላለች። ሰፈሩ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ ትንሹም ትልቁም «እትዬ መጋረጃ» ይላታል፣ እሷም አቤት ትላለች።

አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ፣ ይህቺን ከመግፋት መሸከም አይቀልም?» ብሎ ጮኸ።

«ወርደህ አሸክመኛ!» አለችው ቀና ሳትል።

ሹፌሩ ሳቀ፤ አልወረደም። ከመኪናው ውስጥ ደግሞ የአማትየው ድምፅ መጣ፤ «ልጄ፣ እኔም ልውረድ እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ በፈጠረዎት ይቀመጡ! በዚያ ጉልበትዎ ሊገፉ?»

«መግፋቱን ማን አለሽ? ክብደት ልቀንስልሽ ብዬ ነው።»

እንደ ምንም ዳር አደረሷት። ባልየው ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ቀበረ። እትዬ መጋረጃ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። የአማትየው የጉልበት ሕክምና ቀጠሮ አለፈ። ያን ቀን መጋረጃ እንድትሰቅልላት ቤቷን አዘጋጅታ ስትጠብቅ የዋለችው ደንበኛም ማታ ላይ ደውላ፣ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» አለች፤ በነጋታው ግን የቀሩትን ክፍሎች ለሌላ ሰው ሰጠች። «ምንም አይደል» የሚሉ ደንበኞች እንደሚብሱ እትዬ መጋረጃ ጠንቅቃ ታውቃለች። የሚቆጣ ደንበኛ ተቆጥቶ ይወጣለታል፤ እንዲህ ዓይነቷ ግን ፈገግ እያለች ነው የምትሄደው።

ታዲያ እዚያ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች፣ የባሏ ጀርባ ብቻ እየታያት፣ በልቧ ቆረጠች። ይህቺ መኪና ትቀየራለች። በምን እንደምትቀየር አላወቀችም። መቀየሯን ግን አወቀች።

በማግስቱ አሮጊቷ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩን «ፈዋሹ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከሞት ያተረፋትም እሱ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ከሥር ገብቶ አየ፣ ዘይቱን በጣቱ ነካክቶ አሸተተ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁለቱን አያቸው።

«እውነቱን ልንገራችሁ ወይስ ላባብላችሁ?»

«እውነቱን» አለች ሚስት።

«አባብለን» አለ ባል፤ ሁለቱም ያሉት በአንድ አፍ ነው።

ፈዋሹ ወደ እሷ ዞረ። «ሞተሩ መከፈት አለበት። ለእሱ የምታወጡት ገንዘብ የሌላ መኪና ግማሽ ነው። ሞተሩን ስታድሱላት ደግሞ ማርሿ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ከማርሹ ቀጥሎ የሥሩ ላሜራ አለ፣ ዝጎ አልቋል። እኔ ሥራ አልጠላም፤ እናንተን ግን መዝረፍ አልፈልግም።»

ባልየው ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰ። መኪናዋ የአባቱ ነበረች። አባትየው በሷ ታክሲ ነድተው ነው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁት። ሲሞቱ ቤቱ ለሁሉም ሲደርስ መኪናዋ ለእሱ ደረሰችው፤ ለሌሎቹ ስላላማራቸው። እሱ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ በማሽን ጩኸት ሲደነቁር ውሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጊቷን ሲያጥብ ብቻ ነፍሱ መለስ የሚልለት ሰው ነው። አንዳንዴም ያወራታል። ሚስቱ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ማታ ልጆቹ እራታቸውን በልተው ወደ ክፍላቸው ሲገቡ፣ እትዬ መጋረጃ ሳህን እያጠበች ጀመረችው።

«እንቀይራት።»

«በምን?» አለ፤ ሳህኑን እየተቀበለ ያደርቃል። «እጅ እንዳጠረን እያየሽ? የትልቋ የትምህርት ክፍያ ደርሷል፣ የእማዬ መድኃኒት አለ…»

«የልጆቹ አይነካም። የእማማም አይነካም።»

«እንግዲያው ወንድሜን እንጠይቀው።»

ሳህኑን ውኃው ውስጥ ለቀቀችው። «ሞቼ ነው ቆሜ! ወንድምህ ሲያበድር ምክር መርቆ ነው። ብድሩስ ይከፈላል፤ ምክሩ ግን በየበዓሉ፣ በየለቅሶው እየመጣ ‹ያኔ ብዬሽ አልነበር?› ይለኛል። እሱን አልችልም።»

«ታዲያ ከየት?»

«ከመርፌ።»

ከከተማው ዳር የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ተሠርቶ እያለቀ ነበር። የሕንፃው ኃላፊ የሁሉንም ክፍል መጋረጃ እንድትሰፋ ጠይቃት፣ እትዬ መጋረጃ ደግሞ ርቀቱን ፈርታ ላስብበት ብላ ነበር። ያን ሁሉ ጨርቅ በምን ታመላልሳለች? መኪናው እንዲገዛ ሥራው ያስፈልጋል፣ ሥራው እንዲሠራ መኪናው ያስፈልጋል። ነገሩ ጅራቱን እንደሚያባርር ውሻ ሲዞርባት ሰንብቷል።

«ከአንዱ መጀመር አለብኝ» አለችው እጇን እያደረቀች። «መኪናውን ከየትም አላመጣውም። ሥራው ግን በእጄ ነው። ነገ ደውዬ እሺ እላታለሁ።»

«ጨርቁንስ?»

«በሚኒባስ። በጀርባዬም ቢሆን።»

ባልየው ሊከራከር አፉን ከፈተና ፊቷን አየ፤ ከፊቷ ላይ ያነበበው ነገር አፉን መልሶ አስዘጋው።

የከበደው አሮጊቷን መሸጥ ነው። ፈዋሹ ገዢ አምጥቶ ነበር፤ ለመለዋወጫ የሚፈልጋት ሰው። በሮቿን ለአንዱ፣ መብራቷን ለሌላው፣ ወንበሯን ለሦስተኛው ሊሸጥ ነው። ባልየው ይህን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እንደ በግ ሊበልታት?» አለ። «አላደርገውም። ለእማዬስ ምን ብዬ እነግራታለሁ? የአባዬ ማስታወሻ እኮ ናት።»

ለእናቱ የሚነግረው አጥቶ ሦስት ቀን በቤት ውስጥ እየተርበተበተ ከረመ። እናትየው ደግሞ ጉልበታቸውን እንጂ ጆሯቸውን አላመማቸውም። በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ ሻያቸውን አስቀምጠው፣ «መኪናውን መቼ ነው የምትሸጡት?» አሉ።

ባልየው ትን አለው።

«ምን ያስደነግጥሃል? ግድግዳው እኮ ስስ ነው። ስማኝ ልጄ፣ አባትህን እወደው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ያቺን መኪና ግን አንድም ቀን ወድጃት አላውቅም።»

«እንዴ! እማዬ!»

«አዎ! በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ከፊት አስቀምጦኝ አያውቅም። ‹የፊቱ የደንበኛ ነው› ይለኛል፤ ሚስቱን ከኋላ ጭኖ ባዶውን ወንበር ይዞ ይነዳል። ለሠርግ ስንሄድ እንኳ መንገድ ላይ እያቆመ ሰው ይጭናል። እኔ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ የደረስኩት ከሁለት ዶሮ ሻጮች መሃል ተቀምጬ ነው፤ ላባው ከነጠላዬ ላይ አልለቅ ብሎ።» ሻያቸውን አነሡ። «አባትህ ቢኖር ራሱ በሸጣት ነበር። ነጋዴ ሰው ነበር፤ የማትነዳ ታክሲ ግቢ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም። አንተ ነህ እንጂ ያለቀስክላት።»

እትዬ መጋረጃ ሳቋ አመለጣት። ባልየው መጀመሪያ ሆድ ባሰው፣ ቀጥሎ ዶሮ ሻጮቹ ትዝ ሲሉት እሱም ሳቀ፤ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። በሳምንቱ አሮጊቷ በጎታች ተሳፍራ ሄደች። ባልየው ከመሄዷ በፊት አጠባት። ለምን እንደሚያጥባት ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወር እትዬ መጋረጃን ፈተናት። ቀን ቀን ትሰፋለች፤ ማሽኑ ሲጮኽ ውሎ ሲቆም ጆሮዋ ውስጥ መጮኹን አያቆምም። የደረሰውን ጠቅልላ በጠዋት ሚኒባስ ትይዛለች። ጥቅሉ ከሷ ይረዝማል።

«ይኼ ሰው ነው ዕቃ?» አላት አንድ ቀን ረዳቱ።

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

«ወንበር ከያዘ ሰው ነው። ይከፍላል።»

«እንግዲያው እንደ ሰው አክብረው፤ አትርገጠው።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሷ ግን ለጥቅሉም ከፍላ ሄደች። ማደሪያው ጋ ደርሳ መሰላል ላይ ትወጣለች፣ ዘንግ ትተክላለች፣ ቀለበት ትሰካለች፣ ወርዳ ቅምቅማቱ ወለሉን እንዳይነካ ራቅ ብላ ታያለች። ዝናብ የዘነበ ዕለት ጨርቁን በራሷ ካፖርት ሸፍና እሷ በስብሳ ደረሰች። የሕንፃው ኃላፊ ፎጣ አምጥታላት፣ «ነገ ብትመጪስ ምን ነበር?» አለቻት።

«ነገ የነገ አለ» አለች ፀጉሯን እያደረቀች።

ባልየው ትርፍ ሰዓት መሥራት ጀመረ። ትልቋ ልጅ ገበሩን መተኮስ ለመደች፤ ካውያ እየገፋች ታማርራለች፤ «ጓደኞቼ ፊልም ያያሉ፤ እኔ የማላውቃቸውን ሴቶች መጋረጃ እተኩሳለሁ።»

«መኪናው ሲመጣ ፊልም ቤት አደርስሻለሁ» አለቻት እናቷ።

«ምን ዓይነት መኪና ነው?»

«የሚሄድ።»

ማደሪያው የመጀመሪያውን ክፍያ ሲከፍላት ፍለጋው ተጀመረ። አፉ ውስጥ ስንጥር የማይጠፋ አንድ ደላላ ነበር፤ «ስንጥሩ» ይሉታል። ለሁለት ሳምንት ከሥራ በኋላ ከወዲህ ወዲያ አዞራቸው። አንዱ መኪና ጭስ ያግተለትላል፣ አንዱ መሪው እንደ ጀልባ ይዋልላል፣ የሌላው ባለቤት ዋጋውን በየደቂቃው ይጨምራል። ልባቸው ሊዝል ሲል ቅዳሜ ጠዋት ስንጥሩ ደውሎ፣ «እትዬ፣ አምላክ ለእርስዎ ብሎ ያስቀመጣትን አገኘሁ» አላት።

ቀይ ናት። ትንሽ፣ ጸዳ ያለች፣ ቀለሟ ከሩቅ የሚያበራ። ወንበሯ ንጹሕ፣ ውስጧ አዲስ አዲስ ይሸታል። ዋጋዋ ደግሞ እትዬ መጋረጃ ከያዘችው ብዙም አይርቅም። በሩን ከፍታ ስትገባ ወንበሩ አቀፋት። እጇን መሪው ላይ ስታሳርፍ ያ ሁሉ ድካም ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት። እማማን ከፊት አስቀምጣ፣ ልጆቹን ከኋላ ጭና፣ በዚያ መስቀለኛ መንገድ ሽው ብላ ስታልፍ ታያት።

«ሌላ ገዢ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል» አለ ስንጥሩ። «እኔ ለእርስዎ ስለማዝን ነው አስቀድሜ የጠራሁዎት። ቀብድ ጣል ያድርጉና ትያዝልዎት።»

እትዬ መጋረጃ ቦርሳዋን ከፈተች።

ባልየው እስከዚያ ድረስ መኪናዋን ሲዞራት ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ አደመጠ። ጎንበስ ብሎ የበሩን ጠርዝ በጣቱ ነካ፣ ወደ ሌላኛው ጎን ዞሮ እንደገና ነካ። ከዚያ መጥቶ በጆሮዋ፣ «አንገዛትም» አላት።

«ምን?»

«ደስ አላለችኝም። በሮቹ አንድ ዓይነት አይዘጉም።»

ደሟ ፈላ። «በሮቹ? ለአንድ ወር ጥቅል ተሸክሜ ስመላለስ በር ነው የምታየው? አንተ ደስ የምትልህ አንዲት መኪና ናት፤ እሷ ደግሞ ተበልታ አልቃለች! ንጉሥ የሚነዳው ቢመጣልህም አትወደውም!»

ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። ስንጥሩ ስንጥሩን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረና ወደ ሰማይ አየ። ባልየው ፊቱ ቀላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አኩርፎ ዘወር ይል ነበር። ያን ቀን ግን አልሄደም።

«ልክ ነሽ፣ እሷን እወዳት ነበር» አለ በቀስታ። «አሁን የምናገረው ግን ስለዚህቺ ነው። አንቺ የለፋሽበት ገንዘብ ነው፤ በዓይኔ እያየሁ እንዲበላ አልፈልግም። ፈዋሹን እንጥራው። ከሥር ገብቶ ደህና ናት ካለ፣ ቀብዱን እኔው በእጄ እሰጣለሁ።»

«ሰዓት የለንም እኮ፣ ሌላው ገዢ…» ብሎ ስንጥሩ ጀመረ።

«ሌላው ገዢ ይግዛት» አለ ባልየው።

እትዬ መጋረጃ የቦርሳዋን አፍ ይዛ ቆመች። ልትዘጋው እጇ እንቢ አለ፤ ከፍታ ልትሰጥም እንቢ አለ። ባሏን አየችው። አሮጊቷ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ አላየችውም። ቦርሳዋን ዘጋችው።

«ይጠራ» አለች።

ፈዋሹ መጣና በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ። ብዙም አልቆየም። ከዚያው ሳይወጣ፣ «እትዬ፣ እዚህች ላይ የስንት መኪና ዋጋ ተጠየቁ?» ብሎ ጮኸ።

«የአንድ ነዋ!»

«አትርፈዋላ! ሁለት ናት። የፊቷ ከአንዱ፣ የኋላዋ ከሌላው፤ መሃል ላይ በይዘዋታል። ብየዳውን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቀብተውታል።» ወጥቶ ልብሱን አራገፈ። «ቀጥ ባለ መንገድ ትሄዳለች። ከባድ ጉድጓድ ውስጥ ከገባች ግን ፊትና ኋላዋ ይሰነባበታሉ።»

ስንጥሩ፣ «እኔ በምን አውቃለሁ? ባለቤቱ እንደነገረኝ ነው የነገርኳችሁ» አለና ስልኩ የጠራ መስሎ ዞር አለ።

በእግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬ መጋረጃ ከባሏ ቀድማ ትራመዳለች። በሐሳቧ ልጆቿን ከኋላ አስቀምጣቸው ነበር፤ እሱ ነው የሚያንገበግባት። ከሱቁ ጋ ሲደርሱ ቆማ፣ «ያን ያህል መጮኽ አልነበረብኝም» አለች።

«ደላላውም ሰማ፣ ሰፈሩም ሰማ።»

«ይቅር በለኝ አልኩህ እኮ።»

«አላልሽም።»

«በልቤ ብያለሁ፤ አሁን ደግሞ በአፌ እላለሁ። ይቅር በለኝ።» ክንዱን ያዘችው። «ከእንግዲህ አንተ ሳታያት አንዲትም መኪና አትገዛም።»

«ከእንግዲህ አንቺ ሳትጮኺም አትገዛም» አለ። ከተያያዙ ረጅም ጊዜ ሆኗቸው ነበር፤ እንደተያያዙ ገቡ።

መኪናዋ የተገኘችው ካልፈለጓት ቦታ ነው። እትዬ መጋረጃ የማደሪያውን የመጨረሻ ፎቅ እየሰቀለች፣ ከመሰላሉ ላይ ሆና በመስኮት ቁልቁል ስታይ፣ በየጠዋቱ ለግንበኞቹ ዳቦ የምታመጣዋን ቫን አየች። ከዚያ በፊትም ስታያት ነበር፤ ግን ማንም የዳቦ ቫን ልብ ብሎ አያይም። ያን ቀን ልብ አለች። የኋላ በሯ ወለል ብሎ ይከፈታል። ውስጧ ረጅም ነው። ጥቅል፣ ዘንግ፣ መሰላል ሳይታጠፍ ይገባል። ከመሰላሉ ወረደች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ክንዱ ድረስ ዱቄት የነካው፣ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዳቦውን ራሱ ነው የሚያከፋፍለው።

«ጋሼ፣ ይህቺን ቫን ይሸጧታል?»

ሰውዬው ሣጥኑን እንደያዘ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ለሚስቴ እንኳ ገና ትናንት ነው የነገርኳት። ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ነው፤ ይህቺ አልበቃ አለችኝ። ግን እህቴ፣ አይተሻታል? መልክ የላትም።»

እውነቱን ነው። ቫኗ ድሮ ነጭ ነበረች። አሁን የተቀቀለ ድንች መስላለች። በአንዱ ጎኗ ላይ ትልቅ ዳቦ ተስሏል፤ ሠዓሊው ዳቦ አይቶ የማያውቅ ይመስል ትራስ አስመስሎታል። ከዳቦው ሥር ስልክ ቁጥር ተጽፏል።

«መልኳን ለማግባት አይደለም የምፈልጋት» አለች። «ነገ ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ። መካኒክም አመጣለሁ። ካላስቸገርኩዎት።»

በማግስቱ ባልየው አደመጠ፣ ፈዋሹ ከሥር ገባ። ፈዋሹ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለውን እስኪናገር እትዬ መጋረጃ መታገሥ አልቻለችም።

«ምነው፣ ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ሥራ አሳጣችሁኝ። ፍሬኑ ይቀየርላት፣ ጎማዋም ትንሽ አርጅቷል። ሌላው ደህና ነው። ሰውየው ዘይት በጊዜው ሲቀይር ኖሯል።»

ዋጋውን ሲነጋገሩ ግን ክፍተቱ ታየ። ሰውየው የጠየቀው አላግባብ አልነበረም፤ ቢሆንም ከያዙት ይበልጣል። ባልየው ወደ መሬት አየ። እትዬ መጋረጃ የወንድምየው ፊት፣ ከነምክሩ፣ ድቅን አለባት።

«ጋሼ፣ ያ የሚከፍቱት ሱቅ ፀሐይ ያገኘዋል?»

«ከጠዋት እስከ ማታ። ምነው?»

«መስኮት ላይ የተደረደረ ዳቦ በፀሐይ ይደርቅብዎታል። ከበሩ በላይ የሚዘረጋ የሸራ ጥላ ያስፈልግዎታል። ለመስኮቱ መጋረጃ፣ ለሠራተኞችዎ ሽርጥ፣ ለዳቦው መሸፈኛ። ለሌላ ሰው ቢሰጡት ምን እንደሚያስከፍልዎ ጠይቀው ይምጡ። እኔ የጎደለውን በእሱ ልክፈልዎት። ሸራውን ሰፍቼ፣ ወጥቼ፣ ራሴ እሰቅለዋለሁ። ዝናብ ካሳለፈ ቫኗን ይውሰዷት።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «ሁለቱም ሱቅ ቢሆንስ? የድሮውም ሸራ ተቀዷል።»

«ሁለቱም ከሆነ ፍሬኑን እርስዎ ያስቀይሩ።»

ባልየው በሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። ሰውየው ዱቄታም እጁን ዘረጋ። እትዬ መጋረጃ ጨበጠችው።

ወደ ቤት የነዳት ባልየው ነው። ከዚያ በኋላ ግን የመንጃ ፈቃዷን ከመሳቢያ አወጣችው። ከዓመታት በፊት ተፈትና ብታልፍም አሮጊቷ ከባልየው በቀር ለማንም ማርሽ አላስገባ ስላለች ፈቃዱ ተቀምጦ ከረመ። በየእሑዱ ባዶ ሜዳ ላይ አለማመዳት። ዳገት ላይ ቫኗ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ከዚያ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ ደግሞ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ አላልኩሽም?» «ቀስ ብዬ ነዋ!» እየተባባሉ ይነታረካሉ። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠፍታባት፣ ባልየው «በቃ ለዛሬ ይበቃል» ሲላት፣ «ውረድና ከላይ ሆነህ ጠብቀኝ» አለችው። ወረደ። ብቻዋን ዳገቱን ወጣችው። አናቱ ላይ ስትደርስ እሱን አልፋው ሄደች፤ ማቆሙን ስለረሳችው።

ፈዋሹ ከኋላ የሚታጠፍ ወንበር ገጠመላቸው። ትልቋ ልጅ ግን የዳቦውን ሥዕል ስታይ ክው አለች።

«በዚህ ነው ፊልም ቤት የምታደርሺኝ? አፈር ልብላ! ትምህርት ቤት ሁሉ ‹ዳቦ› ነው የሚለኝ።»

«ቀለም ማስቀባት አሁን አንችልም» አለች እናቷ። «ካፈርሽ አንድ መንገድ ቀድመሽ ትወርጃለሽ።»

መጀመሪያ ሰሞን አንድ መንገድ ቀድማ ወረደች። ጓደኞቿ ግን የሚያምረውን ሳይሆን የሚያደርሳቸውን የሚወዱ ሆነው ተገኙና፣ ዝናብ በሆነ ቁጥር ቫኗን መጠበቅ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በር ላይ ነው የምትወርደው፤ ቢሆንም ፊቷን አጥቁራ ነው፤ ለወጉ ያህል።

እትዬ መጋረጃ ዕዳዋን ጠዋት ጠዋት ሰፋችው። የመጀመሪያው ሱቅ ሸራ ሲሰቀል ባለቤቱ በረኛ ይመስል ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ እያየ፣ «ያዘ? ያዘ ወይ?» ይላታል፤ እሷ መሰላሉ አናት ላይ ሆና ገመዱን በጥርሷ ነክሳ ትቋጥራለች። የሁለተኛውን ስትጨርስ ክረምቱ ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። እሷ ቤት ቁጭ ብላ በመስኮት ታያለች፤ ልቧ ዳቦ ቤቱ ጋ ነው። አላስችል ቢላት ተነሥታ ነድታ ሄደች። ሸራው ውኃውን በሁለቱም ጎን እያንዶለዶለ ያወርዳል፤ ከሥሩ መንገደኞች ተጠልለዋል፤ ዝም ብለው ከመቆም ትኩስ ዳቦ እየገዙ ይበላሉ።

ባለቤቱ ከበሩ ላይ ሆኖ እጁን አነሣላት። «ጨርሰናል፣ እህቴ! ቫኗ የራስሽ ናት!» ብሎ በዝናቡ ውስጥ ጮኸ።

እትዬ መጋረጃ ወርዳ ዳቦ ገዛች፤ እሱ ገንዘብ አልቀበልም ቢል እሷ አስቀምጣለት ወጣች። ከሰዓት በኋላ ከከተማው ማዶ አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ መስኮት ለመለካት ቀጠሮ አላት። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የመስታወት መጥረጊያውን ከፍታ፣ ጎርፉን እየሰነጠቀች ሄደች።